ሻሽ ያሰረ ራዲያተር

ራዲያተር የምትጠግነውን ሴት ሰፈሩ የሚጠራት «እሜቴ እምቢ» እያለ ነው። ስሙን ያወጣላት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። የሚያፈስ ራዲያተሩን ይዞ መጥቶ በሳሙና ድፈኚልኝና ልብረር አላት፤ እምቢ አለችው። ለመናት፤ እምቢ። ተቆጣት፤ አሁንም እምቢ። ተረትቶ አስበየደና ሄደ፤ ስሟንም በየመናኸሪያው እንደ ዘር በተነው። እሷ አልከፋትም። እምቢ ማለት የሚያሳፍር ከሆነ፣ በማይሆን ነገር ሁሉ እሺ የሚሉት ሰዎች ምን ሊባሉ ነው ትላለች።

ባሏ ደግሞ እምቢ የሚባል ቃል ጭራሽ አልፈጠረበትም። ሁለቱን ያየ ሁሉ እግዜር ሲያጣምር አይቶ ነው ይላል። ነገር ሲገጥመው «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ነው። ሥራው የትልልቅ ናፍጣ ሞተር ኦፕሬተር ነው። ነበር ማለት ይሻላል። ተራራው አናት ላይ ባለው ድንጋይ መፍጫ የያዘው ሞተር ፈልቶ፣ ደርቆ፣ ተጣብቆ ቀረ፤ እሱም «ተኝቶ ሞተር አቃጠለ» ተብሎ በድንጋይ ፈጪዎቹ ሁሉ ፊት ተባረረ። ሞተሩ ሲቆም አጠገቡ አልተገኘማ። የት ነበርክ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም፤ እሱ ደግሞ ካልጠየቁት አይናገርም። ባልዲውን አስቀምጦ ቁልቁል ወረደ።

የት እንደነበረ የነገረው ለሚስቱ ብቻ ነው። ውሃው እየተንተከተከ ተኖ ሲያልቅበት ምንጭ ወርዶ ነበር፣ ሊቀዳ። ለምን ሞተሩን አጥፍተህ አልሄድክም ብትለው፣ ያለ ሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ሞተር ማጥፋት ክልክል ነው፤ ስልክ ደወልኩ፣ «አታጥፋ» አለኝ አላት። ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ሥራ ፍለጋ በሄደበት ሁሉ ወሬው እየቀደመው፣ «ያ የተኛው ነህ እንዴ?» እየተባለ ተመለሰ። በመጨረሻ መሄዱንም ተወው። ጠዋት ተነስቶ የሥራ ቱታውን ይለብስና በሩ ሥር ይቀመጣል። የሚጠብቀው ነገር እንኳ የለውም፤ ቱታው ለምዶበት ነው። ሄጄ ልንገርልህ ብትለው ግን «ተይው» አላት።

እሜቴ እምቢ ደግሞ ተይው የተባለችውን ነገር ትታ አታውቅም።

እሷ ነገሩን ፍለጋ ሳትወጣ ነገሩ ራሱ በጭነት መኪና ተጭኖ ግቢዋ ገባ። የድንጋይ መፍጫው ሥራ አስኪያጅ፣ ሠራተኞቹ ከኋላው «ቶሎ ቶሎ» የሚሉት፣ በተቃጠለው ሞተር ምትክ ሌላ አግኝቶ ኖሮ ራዲያተሩን ለማሳጠብ አመጣው። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ራዲያተር የሚታጠብበት ገንዳ ያለው በእሷ ግቢ ብቻ ነው፤ ባይሆንማ እዚያ በር ድርሽ አይልም ነበር። ራዲያተሩን አውርደው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። እሷ በክንዷ ለካችው፤ አግድም፣ ቁመት፣ ከዚያ ውፍረቱን በስንዝር። ባሏ በነገራት ልክ ከሆነ፣ እሱን ላስባረረው ራዲያተር መንትያ ነው።

«የት ነው የሚሄደው?» ብላ ጠየቀች።

«ላይ ነዋ። ቶሎ እጠቢልኝ፣ ነገ ይጫናል።»

ይህ ወደ ላይ አይሄድም አለችው። እታች ለሚሠራ ሞተር መልካም ራዲያተር ነው፣ ምንም አይወጣለትም፤ ለተራራው ግን ያንሳል። ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «እላይ እኮ ብርድ ነው። ብርዱ ራሱ ራዲያተር ነው! እኔ ጃኬት ደርቤ ስንቀጠቀጥ ሞተሩ ይሞቀዋል ነው የምትዪኝ?»

«ብርዱ ሌሊት ነው፤ ድንጋይ የሚፈጨው ቀን ነው» አለችው። «ደግሞ ለራዲያተር አየር ማለት ተሸካሚ ነው። ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣለት እሱ ነው። እላይ አየሩ ስስ ነው፣ ተሸካሚው ያንሳል። ሸክሙ ግን ያው ነው። እርስዎም ሲወጡ ያለከልክዎታል እኮ።»

ነገሩ የት እንደሚሄድ ገባው። ዙሪያውን የቆሙትን ጫኝና አውራጆች ቃኘና፣ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል ሰምቻለሁ፤ የአህያ ሚስት መሞከሯን ግን ዛሬ አየሁ» አለ። ሰዎቹ ሳቁ።

«አህያውስ ተሸክሞ ነበር» አለች እሷ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ጅቡ ማን እንደሆነ ደግሞ እናያለን።»

የሳቁት ሰዎች ሁለተኛ ሳቁ፤ በዚህኛው እሱ አልሳቀም።

ከዚያ ቁርጡን ነገረችው። ሻሽ ሳይታሰርለት አላጥበውም። ሻሽ ማሰር የአባቷ ሥርዓት ነው፤ ግቢውም የእሱ ነበር። ተራራ ላይ ለሚሠራ ሞተር ራዲያተር ሲዘጋጅ፣ አየር የሚገባበት ወንፊቱ ላይ እርጥብ ሸራ ከላይ ወደ ታች ይታሰርለታል። ወንፊቱ በከፊል ሲሸፈን የሚያገኘው አየር ይቀንሳል፣ እታች ቆሞ እላይ ያለ ያህል ይሆናል። ለኮረብታ እስከ ግንባሩ ይታሰራል፣ ለተራራ እስከ ቅንድቡ፣ ለተራራ አናት ዓይኑ እስኪሸፈን። እንዲያ ሆኖ ሞተሩ ከነሙሉ ጭነቱ ሲሠራ ካልፈላ ይጫናል። ከፈላ ወንፊት ይጨመርለታል። አባቷ ፊደል ባይቆጥርም በሻሽ ያሳለፈው የመኪና ራዲያተር መንገድ ላይ ፈልቶ ተመልሶ አያውቅም።

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ አሰበና ወደደው። ካልፈላ ያ ሰውዬሽ ተኝቶ ነበር ማለት ነው፣ ተስማማን? አላት። ተስማማች። ልቧ አልፈራም፤ እንደሚፈላ እንደ ስሟ እርግጠኛ ነበረች።

ፈተናው የተደረገው እታች ባለው የኩባንያው ግቢ ነው፤ እዚያም መፍጫ አለ። ሲዘንብ አድሮ፣ ማለዳው ቀዝቃዛ፣ ጭቃው እግር የሚይዝ ነበር። ሞተሩን ከመፍጫው ጋር አያያዙት፣ ራዲያተሩን ገጠሙለት፣ እሷ በገዛ እጇ ሸራውን እስከ ዓይኑ አሰረች። ድንጋይ ተደፋ። ሞተሩ አጓራ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ የሙቀት መለኪያው ጌጅ መርፌ መውጣት ጀመረ። ሰባ አለ፣ ሰማንያ አለ። እሜቴ እምቢ የራዲያተሩን የላይኛ ውሃ መያዣ ጋን ክዳን እያየች እንፋሎት ጠበቀች። መርፌው ዘጠናን አለፈ። ዘጠና አራት ላይ ደርሶ ቆመ።

ቆመ እንግዲህ። ድንጋይ ጨመሩበት፤ ንቅንቅ አላለም። ወይ እንፋሎት፣ ወይ መንተክተክ፣ ምንም። ሥራ አስኪያጁ «ቶሎ ቶሎ» ከኪሱ ጠመኔ አወጣና የራዲያተሩ ግንባር ላይ በትልቁ ጻፈበት፦ «94፤ አልፈላም»። ሠራተኞቹም አጨበጨቡለት፤ ደመወዝ የሚፈርም ሰው ሲቀልድ የማያጨበጭብ ማን አለ? እሷ ሻሹን ፈታች፣ ጨምቃ አጣጠፈችና በብብቷ ይዛ ሄደች። ከኋላዋ «ለኦፕሬተሩ ትራስ ይሁነው!» የሚል ድምፅ ሰማች፤ ዞራ ማን እንደሆነ አላየችም። ብታይ ኖሮ ሸራው እርጥብ ነበር፣ ፊት ላይ ደህና ያርፋል።

ቤቷ ስትደርስ ባሏ እንደወትሮው ቱታውን ለብሶ በሩ ሥር ነው። አጠገቡ ተቀመጠች። መሸነፍ አታውቅበትምና እንዴት ብላ እንደምትነግረው ጠፋት፤ በመጨረሻ ነገሩን እንዳለ አራገፈችው። ዘጠና አራት ላይ ቆመ፣ አልፈላም፣ የባሰ አዋረድኩህ።

ሰውዬው ቀና አለ። «ስንት አልሽ?»

«ዘጠና አራት።»

ከተባረረ ወዲህ ሲስቅ ያየችው ያን ጊዜ ነው። «እላይ እኮ ዘጠና አራት የሚባል ውሃ የለም» አላት።

ምን ማለቱ እንደሆነ ቶሎ አልገባትም። እሱም አንዴ ከተከፈተ ተናገረ። እላይ ድንች ሲቀቅሉ ውሃው ወዲያው ይፈላል፣ ድንቹ ግን አይበስልም፤ ጠዋት የተጣደ ለምሳ አይደርስም። ሻይ እየተንተከተከ ከእሳት ላይ አንስተሽ ብትጠጪው ምላስ አያቃጥልም። ውሃው ሳይግል ነው የሚፈላው። የእሱም ሞተር ሲፈላ ጌጁ ዘጠናን አልተሻገረም ነበር፤ ሥራ አስኪያጁም በስልክ «ዘጠና ካልሞላ ምን አስጮኸህ፣ አታጥፋ» ያለው ለዚህ ነው።

«እንዲህ ያለውን ነገር ይዘህ ነው በሩ ሥር የምትቀመጠው?»

«ማን ጠየቀኝ» አላት።

በማግስቱ የእህቷን ልጅ አስጠራች። ልጅቱ የሞተር ምሕንድስና ተምራ ሌላ ከተማ የምትሠራ፣ ለበዓል የመጣች ናት፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራትም፣ አክስቷ ግን ዛሬም «ሚጣ» ነው የምትላት። ሚጣ ከነረጅም ቀይ ጥፍሯ ዘይት የነካው ወንበር ላይ ተቀመጠችና ሁሉን ሰማች። የአጎቴ ነገር ልክ ነው አለች፤ እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ ዘጠና ዲግሪ ላይ ይፈላል። የመኪና ራዲያተር ክዳኑ ጥብቅ ስለሆነ እንፋሎቱን አፍኖ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያግዘዋል፣ የአያቴ ሻሽ ለዚያ በቂ ነበር። የዚህ ትልቅ ሞተር ክዳን ግን እንደ ድስት ክዳን ቁጭ የሚል ነው። ጥብቅ ክዳን ልግጠምለት ካልሽ ደግሞ አሮጌ ጋኑ አይችለውም፣ ይተረተራል።

እሜቴ እምቢ ፊቷ ጠቆረ። «ስለዚህ የአባቴ ሻሽ ውሸታም ነው?»

«ሻሹ ምን በደለ፣ አክስቴ? እሱማ እውነቱን ነግሮሽ ነበር። ዘጠና ሲያልፍ አልቆ የለ! አንቺ ነሽ እንፋሎት ስትጠብቂ የቆምሽው። ሻሽ አየሩን ያሳሳልሻል እንጂ ውሃውን ቀድሞ አያፈላልሽም። ደግሞ ዝናብ ባደረ ማለዳ ፈትነሽ የቀትሩን ፀሐይ ለማን ተውሽው?»

ከዚያ የወንፊቱ ልክ ላይ ተጣሉ። አክስቷ በሲሶ ይጨመር አለች። ሚጣ ወረቀት ላይ ቆየችና በግማሽ ካልሆነ አይበቃም አለች፦ አየሩ ከአራት አንዱን እጅ አጥቷል፣ ውሃው ሊፈላ የቀረው ርቀት አጥሯል፣ በዚያ ላይ የመፍጫ አቧራ ወንፊቱን ይደፍነዋል። ሲሶ ይበቃል። አይበቃም። ሲሶ የሚያህል ወንፊት ነው ያለኝ። ሌላ ፈልጊ። በግማሽ የጨመረ ራዲያተር ከማራገቢያው ቬንትሌተር ፊት አይገጥምም። በቁመት ካልገጠመ በውፍረት ጨምሪዋ። እሜቴ እምቢ ተነስታ ግቢውን ዞረች፣ ገንዳውን በእግሯ መታችው፣ ተመለሰችና «ጥፍርሽ ግን አያምርም» አለቻት። ሚጣ አክስቷን ታውቃለች፤ ይህ እሺ ማለት ነው።

ሚጣ ከመሄዷ በፊት ከቦርሳዋ የጥፍር ቀለም አወጣችና በግቢው መፈተኛ ጌጅ መስታወት ላይ፣ ሰማንያ ስምንት ላይ፣ ቀጭን ቀይ መስመር አሰመረች። «እንፋሎት አትጠብቂ፣ ይቺን ጠብቂ» ብላ ቀለሙን ጥላላት ሄደች።

ሴትዮዋ ከሁለት አሮጌ ራዲያተሮች ወንፊት ፈትታ አንድ ወፍራም ራዲያተር መሥራት ያዘች። ባሏ ተነስቶ ያዘላት። እሷ ትበይዳለች፣ እሱ ይገለብጣል፤ እሷ ትሳደባለች፣ እሱ ዝም ይላል፤ ትዳራቸው ወደ ቦታው የተመለሰ መሰለ። ሲያልቅ በጠራራ ፀሐይ ዓይኑ ድረስ ሻሽ አስረው የራሳቸው መፈተኛ ሞተር ላይ አሠሩት። መርፌው ከቀዩ መስመር ሥር ቁጭ አለ።

«ቶሎ ቶሎ» ከፈተናው በኋላ ለእጥበት የላከውን ራዲያተር፣ ውስጡ ታጥቦ የግንባሩ ጽሑፍ ሳይነካ፣ ሊወስድ ሲመጣ ሁለት ራዲያተር ተደርድሮ ጠበቀው። እኔ የምከፍለው ለአንዱ ነው አለ። ለሁለተኛው የጠየቀዎት የለም አለችው፤ ሁለቱም ይጫናሉ፣ እኔም እወጣለሁ። «የእርስዎ ካልፈላ፣ የኔን በፊቴ ገደል ይወርውሩት። አንድም ቃል አልናገርም። ለባሌም ተኝተህ ነበር እለዋለሁ።» ሰውዬው እንዲህ ያለ ጨዋታ አይጠላም፤ እዚያ ላሉት ሁሉ እንዲሰማ «የብረት መወርወር ውድድር አለ፣ ኑ!» አለና አሳፈራት። ባሏ አልሄደም። ወደዚያ ቦታ እግሩን እንደማያነሳ ነግሯታል፤ አንድ ነገር ብቻ አስጠናት፣ ቢፈላ ምን ማድረግ እንዳለባቸው።

ተራራው አናት ሲደርሱ በእርግጥም ብርድ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ጃኬቱን ቆለፈና በዓይኑ ወጋት። አላየሁህም አለች በሆዷ። ሞተሩን ተከሉት፣ ራዲያተሩን ከነጠመኔው ጽሑፍ ገጠሙለት፣ አዲሱ ኦፕሬተር፣ ረጅምና ሳቂታ ሰው፣ አስነሳው። ረፋዱ በሰላም አለፈ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ግን ዓለቱ እንደ ምጣድ ጋለ፣ አቧራው ወንፊቱን አለበሰው፣ ሥራ አስኪያጁ ጃኬቱን አወለቀ። እሷ ከድንጋይ ክምሩ ጥላ ሥር ሆና ጌጁን ታያለች። ሰማንያ ስድስት። ሰማንያ ስምንት። ዘጠና ሊሞላ ሲል ክዳኑ መንጫጫት ጀመረ፣ ቀጥሎ ዘለለ፣ የፈላ ውሃ በራዲያተሩ ግንባር ቁልቁል ወረደና «94»ን እያጠበ ይዞት ሄደ።

አዲሱ ኦፕሬተር ወደ ሥራ አስኪያጁ ጮኸ፤ ላጥፋው? ሥራ አስኪያጁ ጌጁን አየ፤ ዘጠና አልሞላም። «አታጥፋ! ውሃ ጨምርበት!» በርሜሉ ውስጥ ውሃ የለም። ኦፕሬተሩ ባልዲውን አንስቶ ወደ ምንጩ ሮጠ።

እሜቴ እምቢ ከጥላው ወጣች። በቀስታ መጥታ ሰውዬው አጠገብ ቆመች፤ ድንጋይ ፈጪዎቹ መዶሻቸውን አሳርፈው ያያሉ።

«ኦፕሬተሩ የታለ?» አለችው።

«ውሃ ሊቀዳ ሄዷል፣ አላየሽም እንዴ!»

«የለም። ተኝቷል።»

ሰውዬው በድንጋጤ ወደ ማጥፊያው ሲሮጥ እጁን ያዘችው፤ ባሏ ያስጠናትን አዘዘች። ድንጋዩን አቁሙ። ሞተሩን ያለ ጭነት በሚኒሞ፣ በዝቅተኛው ዙር፣ ተዉት፣ ትንፋሹን ይሰብስብ። በግለቱ ካጠፋችሁት ይጣበቃል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰሳችሁበት ይሰነጠቃል። ኦፕሬተሩ ሮጦ ተመለሰ፤ ባልዲውን አስቀምጥ አለችው። ሞተሩ ቀስ እያለ በረደ። ተረፈ።

ሥራ አስኪያጁ ላቡን ጠረገ። ራዲያተርሽን አምጪው፣ ቶሎ ግጠሙት አለ።

«እምቢ» አለች።

ያን ቃል እዚያ ተራራ ላይ ለእሱ ያለው ሰው አልነበረምና መጀመሪያ የሰማ አልመሰለም። እሷም እርስዎ ማለቱን ተወችው። «መጀመሪያ ቃሉ፣ ከዚያ ራዲያተሩ። ባሌን እነዚህ ሰዎች ፊት ምን እንዳልከው ታውቃለህ። እዚሁ፣ እነዚሁ ፊት መልሰው።»

ዋጋ ልጨምርልሽ አላት። እምቢ። ቢሮ ገብተን እንነጋገር፤ እምቢ። ከሌላ ቦታ አስመጣለሁ፤ አስመጣ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ሁለተኛውም ሲፈላ አያለሁ። መፍጫው ቆሟል፣ መኪኖች ተሰልፈዋል፣ ሾፌሮቹ ወርደው ወሬ ይሰማሉ። ሰውዬው መሬት መሬት እያየ፣ «እሺ፣ ሰውዬው አልተኛም» አለ።

«እነሱ ጆሯቸው በአቧራ ተደፍኗል። አልሰሙህም።»

«አልተኛም!» ብሎ ጮኸ። «ውሃ ሊቀዳ ሄዶ ነበር። ራዲያተሩ ነው ያነሰው። አታጥፋ ያልኩትም እኔ ነኝ። በቃሽ?»

የመጨረሻውን እንኳ እሷም አልጠየቀችውም ነበር። ቁልፏን አነሳችና ሥራዋን ጀመረች። አዲሱ ኦፕሬተር ከማንም ቀድሞ መጥቶ ያዘላት። ወፍራሙ ራዲያተር ተገጠመ፣ ድንጋይ ተደፋ፣ ፀሐይዋም የምትችለውን አደረገች፤ መርፌው ሰማንያ አምስት ላይ ሄዶ ቁጭ አለ። «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» ብላ ልትተርትበት አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ተወችው። ለአንድ ቀን የበቃውን አግኝቷል።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ደርሷል። ባሏ ግን የጠየቃት ስለ ሥራ አስኪያጁ አይደለም። «ሲፈላ ወዲያው አጠፉት?» ነው ያላት። ባልከለክላቸው ያጠፉት ነበር አለችው። ሞተሩ በመትረፉ ደስ አለው። በማግስቱ ጠዋት በሩ ሥር አልተቀመጠም፣ ከእሷ ጋር ግቢ ወረደ።

ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጣ። አዲሱ ኦፕሬተር ያለ ጓደኛ አልሠራም፣ ያንን ሰው መልሱልኝ ብሎታል። በሩ ላይ ቆሞ፣ መኪናዋ እየጠበቀች ነው፣ ቶሎ ልበስና እንውጣ አለ። እሜቴ እምቢ አፏን ልትከፍት ስትል ባሏ በእጁ አቆማት።

«ሞተር ሲፈላ የማጠፋው እኔ ነኝ» አለ። «ስልክ አልደውልም።»

«እሺ።»

«በርሜሉ ጠዋት ጠዋት ይሞላል። ምንጭ የምሄደው ልጠጣ ብቻ ነው።»

«እሺ አልኩህ፣ እንሂድ በቃ፣ ቶሎ።»

ባሏ ቱታውን ድሮም ለብሶታል። የሚጣን የጥፍር ቀለም ከመደርደሪያ አወረደ፣ ለተራራው ሞተር የተዘጋጀውን መለዋወጫ ጌጅ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ሰማንያ ስምንት ላይ፣ ምላሱን ነክሶ፣ ቀይ መስመር አሰመረበት። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ፤ ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ባሏ ግን ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ እምቢ አለ።